ከቆሎው የሚለቀመው ኦቾሎኒ

ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲዞር፣ ኦቾሎኒውን በጣቱ እየለየ ወደ ሳህኑ ዳር የሚገፋ ሰው አይጠፋም። «ኮሌስትሮል አለብኝ» ይላል። ያው ሰው ምሳ ላይ በቅቤ የራሰ ክትፎ ቢቀርብለት ግን እጁን አይሰበስብም። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ያረፈበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም።

«ኦቾሎኒ ኮሌስትሮል አለው» ሲባል እንሰማለን። የለውም። ኮሌስትሮል የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ነው። በደማችን ውስጥ ያለውንም ቢሆን አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ሰውን የሚያሳስተው ቅባቱ ነው፤ የኦቾሎኒ ክብደት ግማሽ ያህሉ ቅባት ነውና። ነገር ግን ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም። ቅቤና ጮማ ውስጥ የበዛው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ቅባት፣ ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ከደም የመጥረግ አቅሙን ያዳክማል። የኦቾሎኒ፣ የለውዝና የዋልነት ቅባት ግን በአብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው። ነገሩ ከተነሳ፣ የፓልም ዘይት ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይሆንም፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት መሆኑን ግን ጽሑፉ አይነግረንም።

በ1993 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ጤናማ ወንዶችን ለአራት ሳምንት ያለ ዋልነት፣ ለአራት ሳምንት ደግሞ ከጠቅላላ ካሎሪያቸው 20 በመቶውን ከዋልነት እያገኙ እንዲመገቡ አደረጉ። ዋልነት በበሉባቸው ሳምንታት ኤልዲኤላቸው 16 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰባት አገሮች የተካሄዱ 25 ሙከራዎች አንድ ላይ ተመረመሩ፤ 583 ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። በቀን በአማካይ 67 ግራም እንደ ኦቾሎኒ፣ ለውዝና ዋልነት ያሉ ፍሬዎችን የበሉት ኤልዲኤላቸው 7.4 በመቶ ቀንሷል። ለውጡ የጎላው መነሻ ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ነበር።

ይህን የሰማ «እንግዲያው ጨምሬ ልብላ» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሎማ ሊንዳው ሙከራ ዋልነቱ በሌላ ቅባትና ምግብ ምትክ ገባ እንጂ በላዩ ላይ አልተደረበም። 30 ግራም ኦቾሎኒ፣ ማለትም አንድ ትንሽ እፍኝ፣ 170 ካሎሪ ያህል አለው። ከሰዓት በኋላ በሚበላው ብስኩት ወይም ሳምቡሳ ፋንታ ከሆነ ይጠቅማል፤ ከእነሱ ጋር ከሆነ ግን ውፍረት ያመጣል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አይተካም።

ሌላው «አንቲኦክሲዳንት» የሚባለው፣ ኦክስጅን የሚያደርሰውን ብልሽት የሚከላከለው ነገር ነው። ዘይት ሲቆይ ሽታው የሚለወጠው ኦክስጅን ስለሚያበላሸው ነው። ኤልዲኤልም ስብ ተሸካሚ ስለሆነ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ተመሳሳይ ብልሽት ይደርስበታል። የተበላሸውን ነጭ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ይውጡታል፤ በስብ ይወጠራሉ፤ እየተከማቹም የደም ሥሩን ያጠባሉ። ኦቾሎኒና ለውዝ ቫይታሚን ኢ አላቸው፤ በመዳፋችን አሽተን እፍ የምንለው ቀዩ ገለፈትም ፖሊፌኖል የሚባሉ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች አሉት። ስለዚህ ከነገለፈቱ ቢበላ ይሻላል። የኮሌስትሮሉን ያህል ጠንካራ ማስረጃ ግን እዚህ ላይ የለም፤ የጥናቶቹ ውጤት የተለያየ ነው። «ታዲያ ቫይታሚኑን በክኒን ብወስደውስ?» ለሚል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ሆፕ የተባለ ጥናት መልስ አለው። ለልብ በሽታ የተጋለጡ 9,541 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገባቸው፤ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ጥበቃ አላገኙም።

ከኦቾሎኒ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቅባቱ ሳይሆን ሻጋታው ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ወፎች 100 ሺህ ያህል በጅምላ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይከፋል። ባቢሌን በመሰሉ የምሥራቅ ሐረርጌ የኦቾሎኒ አካባቢዎችም የታወቀ ችግር ነው፤ ምርቱ ሳይደርቅ ሲከማች ወይም እርጥበት ሲያገኘው ሻጋታው ይራባል። መቁላት መርዙን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመቆላቱ በፊት የተጨማደደው፣ የጠቆረውና የሻገተው ይለቀም። አፍ ውስጥ ገብቶ የመረረ ፍሬ ካለም ይተፋል እንጂ አይዋጥም።