ዴኩ ከዚራ ሲገባ

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትተኛለች። የከዚራ ሰፈር ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው ፀሐይዋ እስክትበርድ ይጠብቃሉ። የዴክ ጠጋኙ ግን አልተኛም። ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ቬንትሌተሩ የዞረው ግን ወደ እሱ ሳይሆን ክዳኑ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ «አቦ፣ እኔስ ላብ አለኝ፤ እሱ በምን ይቀዝቅዝ?» አለኝ።

ዴኩ የአንዲት እናት ነው። የህንዱንም የአማርኛውንም ፊልም ያጫውታል፤ የልጃቸውን ሰርግ ግን እምቢ ብሏል። ሲያስገቡለት ጥቂት ይዞርና «ኖ ዲስክ» ይላል። ሴትዮዋ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቴ ተመላልሰዋል።

«ልጄ፣ የሰዉን ሁሉ እያነበበ የእኔን የሚጠላው ምን አድርጌው ነው?»

«እማማ፣ የእርስዎ ዲስክ ምንም አልሆነም። የዴኩ አንድ ዓይኑ ነው የጠፋው።»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ዲቪዲ ማጫወቻ ሁለት ሌዘር አለው። ዲቪዲውን የሚያነበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ነው፤ ሲዲና ቪሲዲ የሚነበቡት ደግሞ በ780 ናኖሜትር፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ቀዩ ብቻውን ለሁሉም በበቃ ነበር፤ ችግሩ ኮምፒውተር ላይ የሚቀዳው ሲዲ ነው። እሱ የተቀባው ቀለም ለ780ው የተሠራ ስለሆነ ቀዩ ብርሃን ሲያርፍበት ይውጠዋል እንጂ በደንብ አይመልሰውም። የሰርግ ቪሲዲ ደግሞ ከኮምፒውተር የተቀዳ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብሎ ፋብሪካ የሚያትም የለም። ስለዚህ የ780ው ሌዘር ሲደክም ከቤት መጀመሪያ የሚጠፋው ሰርጉ ነው።

ዴክ ሲያስቸግር ወይም ሲያረጅ ባለቤቱ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ፋብሪካው ራሱ አሻሽሎ ያወጣውን መግዛት ወይም ፋብሪካው የላከውን አዲስ ሶፍትዌር መጫን ነው። ሌላው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በሌላ ሰው እጅ ማስለወጥ ነው። ባደገው ዓለም ይህ የሀብታሞች ክርክር ነው። ኦፖ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዲፒ-83 የተባለ የብሉሬይ ማጫወቻ በ499 ዶላር አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠውን ቺፕና የድምፅ መውጫውን ክፍል በተሻለ ቀይሮ 899 ዶላር አለው። ምስሉ ያው ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ለሚያገናኝ ሰው ድምፁም ያው ነው፤ የ400 ዶላሩ ልዩነት የሚሰማው እንደ ቀዩና ነጩ ባሉ የአናሎግ ገመዶች በኩል ብቻ ነው። ይህ ያላረካቸው ደግሞ ማሽኑን ለግል አሻሻዮች ሰጥተው የፋብሪካውን የድምፅ ሰርኪዩት አስነቅለው በቫኩም ቲዩብ አስቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌክሲከን የተባለው ስመ ጥር ድርጅት በ3,500 ዶላር የሚሸጠው ማጫወቻ ሲከፈት ውስጡ ያው የኦፖው ማሽን ሆኖ ተገኘ። ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ማሻሻያ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚራ ውስጥ ጥያቄው ሌላ ነው። እዚህ ድምፁ እንዲጠራለት ብሎ ዴክ የሚያስፈታ ሰው አላየሁም። እዚህ ዴክ የሚፈታው እንዲሠራ ነው።

መጀመሪያ ኮዱ አለ። ዲቪዲ ሲወጣ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፈሏት፤ አሜሪካ 1፣ አብዛኛው አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5። ወረቀት ላይ ጅቡቲም እንደኛው 5 ናት፤ የፈረንሳይ ዲስክ ግን 2 ነው። እንግዲህ ድሬዳዋን አስቡት። ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይ ዲስክ፣ ከጅዳና ከዱባይ የመጣ ዲስክ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዲስክ እዚህ ይገናኛሉ። በሕጉ መሠረት አንዱም የኢትዮጵያ ዴክ ላይ መጫወት የለበትም። (ኮፒው ኮድ የለውም፤ ያለ ችግር ይጫወታል። ሕግ ያከበረው ተቀጣ ማለት ነው።) መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሪሞቱ ውስጥ ነበር። የቻይና ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ቦርድ ለመላው ዓለም ይሠሩና ቁጥሩን በመጨረሻ በተደበቀ ሜኑ ያስገቡ ስለነበር፣ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል የሚያውቅ ጠጋኝ ገብቶ 0 ያደርገዋል። በሩን ክፍት የተወው ፋብሪካው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ግን 0 የሆነውን ዴክ ለይተው እምቢ የሚሉ ዲስኮች መጡ፤ ለእነሱ ሜኑው ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ቁጥሩን 1 ማድረግ ነው።

ሁለተኛው መብራቱ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዴክ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ካለ፣ ሶኬት ላይ ሲሰካ «ጧ» ብሎ ቤቱን የቃጠሎ ሽታ ይሞላዋል። የእኛ 220 ቮልት በሬክቲፋየር ሲያልፍ ጫፉ ወደ 311 ይደርሳል፤ ውስጡ ያለው ዋና ካፓሲተር ግን የሚችለው 200 ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ካፓሲተሩን ባለ 400 አድርጎ ሌላውንም አብሮ ይቀይራል። ይቻላል፤ ግን ሁሉን ሳይቀይር የረሳው አንድ ዕቃ ካለ ዴኩ ሌላ ቀን ይፈነዳል። እኔን ብትጠይቁኝ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙና ዴኩን ተዉት።

ከሁሉም በላይ ግን ሙቀቱ ነው፤ ቬንትሌተሩም የዞረው ለዚህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የቆሙት ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ይረዝማል፤ ሲጨምርም እንደዚያው ያጥራል። ርካሽ ዴክ የሚመጣው 85 ዲግሪ በተጻፈባቸው ነው። ቀዝቃዛ አገር ሳሎን ውስጥ ዓመታት ይኖራሉ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት፣ ከላዩ ዳንቴል ተደርቦበት፣ ሆዳቸው ያብጣል። ጠጋኙ አውጥቶ 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ይበይዳል፤ ክዳኑንም በድሪል ይበሳዋል። መልኩ ያስጠላል፤ ነገር ግን ካየሁት ማሻሻያ ሁሉ ይህን የሚያህል ጥሩ የለም። ፋብሪካው ዴኩን ያውቀዋል፤ የሚቀመጥበትን ቁምሳጥን ግን አያውቅም።

ሰፈሩም ለዚህ ዓይነቱ ጥገና አዲስ አይደለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ከተሰመሩ ወዲህ፣ የባቡሩ ጋራዥ ከአውሮፓ የመጣ ሎኮሞቲቭ ዕቃ ሲጠፋለት በራሱ ቶርኖ እየቀረጸ አኑሮታል።

ሶፍትዌሩን ግን ለፋብሪካው እተዋለሁ። አዲሱ ሶፍትዌር እየተጫነ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ዴኩ ዳግም ላይነሳ ይችላል፤ ለዚያ ካፓሲተር አይደርስለትም።

ወደ ሰርጉ እንመለስ። የጠፋውን ዓይን መቀየር ማለት ሁለቱን ሌዘር የያዘውን ሌንስ ሙሉ ለሙሉ መቀየር ነው፤ ሌንሱ ደግሞ ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያም አልተገኘም፣ መታዘዝ አለበት። ሴትዮዋ ዛሬ ማታ እንግዳ አለብኝ አሉ። ጠጋኙ ዝም ብሎ ቆየና ከመሳቢያው ቀጭን ካቻቢቴ አወጣ። ሌንሱ ጎን ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱ የዲቪዲው፣ አንዱ የሲዲው። ሲዞሩ ሌዘሩ ብዙ ከረንት ይጠጣል፣ ብርሃኑም ይጠነክራል፤ ዕድሜው ግን ያኔውኑ ይቆረጣል። ብዙዎች ይህን «ጠገንኩት» ብለው ያስከፍላሉ።

«እማማ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም። ወር ላይቆይ ይችላል።»

«ለዛሬ ማታ ካነበበልኝ ወሩን ምን አደርገዋለሁ?»

ከሩብ ዙር ያነሰ አዞረው። ዲስኩ ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ መጀመሪያ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበታተነ፤ ከዚያ መኪኖቹ መጡ፣ ጭፈራው ባዶውን መንገድ ሞላው። ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«ቀንሰው ልጄ፤ ሰፈሩ ተኝቷል» አሉ።