ስምንት ኦም ወይስ አራት?
በዱባይ አል ፋሂዲ ጎዳና ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መደብሮችም ሆነ በሻርጃና በአጅማን ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡባቸው ሱቆች አምፕሊፋየርና ስፒከር ለየብቻ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋት ቢሆንም፣ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን በዕቃዎቹ ጀርባ የተጻፈው የኦም ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገልጸው ኢምፒዳንስን፣ ማለትም ስፒከሩ ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየውን ተቃውሞ ሲሆን፣ ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ከረንት ይጨምራል፤ 20 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር 2.5 አምፒር ሲያሳልፍ በ4 ኦም 5 አምፒር ያሳልፋል። ስለዚህ ከ8 እስከ 16 ኦም ተብሎ በተጻፈበት አምፕሊፋየር ላይ ባለ 4 ኦም ስፒከር ገጥሞ ድምፁን ከፍ ማድረግ ትራንዚስተሮቹን ከመጠን በላይ ያሞቃል፤ የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ አየር በማይገባው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ይብስበታል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ ቻናል ላይ በትይዩ ሲገናኙ ውጤቱ 16 ሳይሆን 4 ኦም መሆኑ ነው፤ “ኤ” እና “ቢ” የተባሉት ማብሪያዎች አብረው ሲጫኑ በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ባለ 8 ኦሙ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ 6 ገደማ ቢያሳይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ መልቲሜትሩ የሚለካው የቀጥተኛ ፍሰት ተቃውሞን ብቻ ሲሆን፣ ኢምፒዳንስ ግን ከድምፁ ድግግሞሽ ጋር ይለዋወጣል። ባለ 8 ኦም ስፒከርን 4 ኦም በሚችል የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላይ መግጠም ኃይሉን ከመቀነስ በቀር ጉዳት የለውም።