ጾሙ ሲፈታም የማትበላ ልጅ

በመቀሌ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ የምትኖሩ እናቶች፣ ርዕሱን አይታችሁ «ረሃብ ባየ አገር ደግሞ ምግብ የሚሸሽ አለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብን የሚያስታውሱ ወላጆች፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዱቄት እየቆጠቡ ልጆቻቸውን ያቆዩ እናቶች፣ ምግብ ቀርቦ ሲገፋ ልባቸው ይቆስላል። ስለዚህም ልጅቱን «ጥጋብ ነው» ብለው ይቆጧታል። ጎረቤት በበኩሏ «ቡዳ ነው» ትላለች።

ሁለቱም አይደለም። ሐኪሞች አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚሉት የአእምሮ ሕመም ነው። ልጅቱ ውፍረትን ከልክ በላይ ትፈራለች፤ አጥንቷ ወጥቶ ሳለ ወፍራም መስላ ትታያታለች። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ሕይወት በማጥፋት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ወንዶች ልጆችንም ይይዛል።

በእኛ ቤት ሕመሙ ከጾም ጀርባ ይደበቃል። ቁርስ የተወችና ህልበቱን በእንጀራ እየነካካች ሳትጎርስ የምትነሣ ልጅ «ጾመኛ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ማን ይጠረጥራታል? ልዩነቱ የሚታየው ጾሙ ሲፈታ ነው። የጾመ ሰው በፋሲካ ዶሮው እስኪቀርብ ይቸኩላል፤ እሷ ግን ያን ቀን ትጨነቃለች፤ «ከጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ» ትላለች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚህ ቀናት «ልጹም» የምትል ልጅ ካለቻችሁ ልብ በሉ። ጾም በሽተኛን አያስገድድምና የንስሐ አባቷም ሊረዷችሁ ይችላሉ።

«ግትር ናት» ማለትም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረ ጥናት 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቅደው ለወራት ምግባቸው ተቀነሰባቸው። ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ማገላበጥ፣ ከሰው መራቅና መነጫነጭ ጀመሩ። ረሃቡ ራሱ አእምሮን ይለውጣል ማለት ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ወጥ ሠርታ እሷ የማትቀምስ ልጅ የምታስገርመን ይህን ስለማናውቅ ነው።

ቡሊሚያ የሚባለው ደግሞ ሰውነት ሳይከሳ ሊኖር ይችላል። በድብቅ ብዙ ተበልቶ በኋላ ይመለሳል፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ይታወካል። ከማዕድ ተነሥታ ወዲያው መጸዳጃ ቤት የምትገባ፣ ጥርሷ የሚበላባት ልጅ ካለች ዝም አትበሉ።

እናቶች ራሳችሁን አትውቀሱ። ሕመሙን አላመጣችሁትም፤ ለማዳን ግን ከእናንተ የሚቀርባት የለም። ለወጣቶች ጥሩ ውጤት ካሳዩት ሕክምናዎች አንዱ ወላጆች በሐኪም እየተመሩ በማዕድ አብረዋት የሚቀመጡበት ነው። በግድ ማጉረስ፣ «ከሳሽ» ወይም «አሁን አማረብሽ» ማለት አይጠቅምም። ለረጅም ጊዜ ለተራበችም ድንገት ብዙ ምግብ ማብላት አደገኛ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ራሷን ስታ ከወደቀች፣ ልቧ ከደከመ ወይም የወር አበባዋ ከቀረ ቀን አትቁጠሩ። በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ስትሄዱ የወር አበባዋ የቀረበትን ጊዜ፣ በሳምንቱ የበላችውንና የተወችውን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ፊት እሷ «ደኅና ነኝ» ማለቷ አይቀርምና።