ከዶሮ ወጡ በፊት ጨጨብሳ

የበዓል ማለዳ በብዙዎቻችን ቤት የእናት ድካም ነው። እርሷ ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ አባት ቴሌቪዥን ይመለከታል። አብነት ባለው ቤታችን ግን የገና ቁርስ የባለቤቴ ድርሻ ነው፤ መጋቢም ቢሆን ዱቄት ያቦካል! ከኦሮሞ ወገኖቻችን ያገኘነውን ጨጨብሳ ነው የምንሠራው። ቂጣውን እርሱ ይጋግራል፣ ልጆች በትኩሱ ይቆራርሱታል፣ እኔ በበርበሬና በንጥር ቅቤ አሸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የበኩር ልጃችን ትምህርት እንደከበደው የነገረን ስንጎራረስ ነበር። ወር ሙሉ ደብቆን ኖሯል።

ውሻችንም በማዕዱ ድርሻ አለው፤ በርበሬና ቅቤ ያልነካው ቂጣ። ከወጡ ግን አንሰጠውም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል።

እህቴ ሆይ፣ ለመጪው በዓል ምጣዱን ለባለቤትሽ ልቀቂለት። የመጀመሪያው ቂጣ ቢያርበት አትሳቂ።