የኦይስተር በሽታ ተከላካይ ጂኖች

ዛጎል ለበሱ ኦይስተር ምግቡን የሚያገኘው የባሕር ውኃን በስንጥቡ እያጣራ ስለሆነ፣ ቪብሪዮን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችም አብረው ወደ ገላው ይገባሉ። ከዐለት ተጣብቆ ስለሚኖር ሸሽቶ አያመልጥም፤ አንቲቦዲም የለውም። ከዚህ በመነሣት የጀርባ አጥንት የሌላቸው እንስሳት የመከላከያ ኃይል «ያልዳበረ» ነው ተብሎ ሲነገር ይሰማል። አነጋገሩ ግን ያሳስታል፤ «አንቲቦዲ የሌለው» ማለት ይበቃ ነበር።

የፓስፊክ ኦይስተር የጂን ዝርዝር በ2012 እ.ኤ.አ. ሲታተም ወደ 28,000 ገደማ ጂኖች ተመዝግበዋል። ተሕዋስያንን ለይቶ በማወቅ ረገድ የሚታወቁት ቶል መሰል ተቀባዮች ጂኖች በሰው 10 ሲሆኑ በኦይስተር ከ80 ይበልጣሉ።

ጂኖቹ ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አይነሡም። በ2011 እ.ኤ.አ. እንደ ታወቀው፣ ቢግ ዲፌንሲን ከተባሉት የፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲን ጂኖች ሁለቱ ባክቴሪያ ሲገባ በደም ሕዋሳት ውስጥ ሥራቸውን ያፋጥናሉ፤ ሦስተኛው እንደ ነበረ ይቆያል።

ይህም መከላከያ ይሸነፋል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ጨቅላ ኦይስተሮች በብዛት አልቀዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ አንድ የሄርፐስ ቫይረስ በመጀመሪያ የደም ሕዋሳቱን ያጠቃል፤ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖችም ይቀንሳሉ። ኦይስተሩን ለሞት የሚያበቁት ከዚያ በኋላ የሚወርሩት ባክቴሪያዎች ናቸው።