ሾተላይ እርግማን አይደለም፤ የደማችንን ዓይነት እንወቅ

በእኛ በስደተኞች መካከል አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ወልዳ ቀጣዮቹ ሲሞቱባት «ሾተላይ አለባት» ይባላል። አንዳንዱ ከክፉ መንፈስ ጋር ያያይዘዋል፣ አንዳንዱም ሴትየዋን ይወቅሳል። ፅንስ በተደጋጋሚ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ሾተላይ የምንለው ግን የደም አለመጣጣም ነው።

የእናትየው ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የአባትየው ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ቀጣዩም ፖዘቲቭ ከሆነ ግን መከላከያው ወደ ፅንሱ አልፎ ደሙን ያፈርስበታል።

ደግነቱ ይህን የሚከላከል አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ኔጋቲቭ የሆነች እናት በ28ኛው ሳምንት ትወጋለች፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገምላታል። ካስወረዳት፣ ደም ከፈሰሳት፣ ወይም እንጨት ለቅማ ስትመለስ ወድቃ ሆዷን ከተመታች ሳትውል ሳታድር ለሐኪም ትንገር። መከላከያው አንዴ ከተፈጠረ መርፌው አያጠፋውም። እንዲህ ያለች እናትም ቢሆን በትልቅ ሆስፒታል የቅርብ ክትትል ካገኘች ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች።

ብዙዎቻችን በስደት መንገድ ላይ የሕክምና ካርዳችን ጠፍቶብናል። ስለዚህ እህቶች ሆይ፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን የደም ዓይነታችሁን ከነአር ኤቹ አስመርምሩና ካርዱ ላይ አስጽፉ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ኔጋቲቭ ከሆናችሁ መርፌው የት እንደሚገኝ ቀናችሁ ሳይደርስ አጣሩ፤ ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ስለሆነ የትም ላይገኝ ይችላል። ቤት የወለደችም ብትሆን ሰዓቱ እየቆጠረ ነውና አራስ ናት ተብሎ እቤት አትቆይ።

ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ፀሐይ ማሞቅ ብቻ አይበቃውም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ባሎችም እንመርመር። የልጁ ደም ከሁለታችን የሚመጣ ሆኖ ሳለ ሚስትን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ፣ ትዳርንም በዚህ ምክንያት ማፍረስ ተገቢ አይደለም። ይህን ያነበበ ሁሉ በጎረቤቱ ላለች ነፍሰ ጡር ይንገርልን።