ጠፍቶም የሚያበራ አምፖል

በሌሞና በሆሳዕና በቆዩ ቤቶች ዛሬም አምፖሉ የሚበራው ከጣሪያው መሐል በሽቦ ከተንጠለጠለ ፖርታላምፓዳ ላይ ነው። ማደስ ሲታሰብ ዕቃውን ሁሉ መንቀል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፖርታላምፓዳው ካልተሰነጠቀ፣ የሽቦውም ልባስ ካልተሰባበረ ግን አምፖሉን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለወጠው ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። 9 ዋት ገደማ የሆነ ኤል ኢ ዲ ያንኑ ያህል ያበራል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 7.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች ያከፋፈለው በዚሁ ስሌት ነበር።

ከአንድ ሜትር ሽቦ በቀር ወጪ የሌለው ዘዴም አለ። ከማጥኛ ጠረጴዛ 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለን አምፖል ወደ 1 ሜትር ብናወርደው በቀጥታ የሚደርሰው ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ አዲሱ ኤል ኢ ዲ ከጠፋ በኋላ ሌሊት ደብዘዝ ብሎ ቢያበራ ወደ ሱቅ ለመመለስ አትቸኩሉ። በማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለች ትንሽ መብራት ወይም ጎን ለጎን ከተዘረጉ ሽቦዎች የምታልፍ ኢምንት ኤሌክትሪክ ልታደርገው ትችላለች። ሦስተኛው ምክንያት ግን አደገኛ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ሲሆን፣ «በጠፋው» ፖርታላምፓዳ ላይ 220 ቮልት ይቆያል። የክር አምፖል ይህን ደብቆ ኖሯል፤ በዚያች ኤሌክትሪክ አይበራምና።

በእኛ ቤት የተገኘው ሦስተኛው ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ብሬከሩን አውርዶ ሁለት ሽቦ አቀያየረ፤ አምፖሉም በዚያው ሌሊት ጨርሶ ጠፋ።